ለ15 ዓመታት በአደባባይ ተቀምጦ ያልታየ ቅሌት፦ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

ከ1999 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት በብሪታንያ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና የሐሰት ሂሳብ በማቅረብ ተከሰው ጥፋተኛ ተባሉ። 236ቱ እስር ቤት ገቡ። የተከሰሱት የፖስታ ቤት ቅርንጫፍ የሚያስተዳድሩ ወኪሎችና ረዳቶቻቸው ናቸው። የክሱ መሠረት ሆራይዘን የተባለ የሂሳብ ኮምፒውተር ሥርዓት ያወጣው የጉድለት ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ሊሳሳት እንደሚችል የሚናገረው የመጀመሪያው ጠንካራ ዘገባ የታተመው በሜይ 2009 ሲሆን፣ ፓርላማው ፍርዱን በጅምላ የሚሽር ሕግ ያወጣው በሜይ 2024 ነው።

ይህ ጥናት የሚመለከተው በሁለቱ መካከል ያሉትን 15 ዓመታት ነው። ፍሬ ነገሩ ታትሟል፣ በቴሌቪዥን ታይቷል፣ በፓርላማ ተነሥቷል፣ በፍርድ ቤት ተረጋግጧል፤ ሆኖም ለረጅም ጊዜ የትም አልደረሰም። መገናኛ ብዙኃን በየደረጃው ምን እንዳደረጉ፣ የቱ እንደሠራና የቱ እንደከሸፈ ማየት ተመሳሳይ ጉዳይ ለሚከታተል ሁሉ ይጠቅማል። የሰዎቹ ስም አልተጠቀሰም። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያው ሲሆን ዓ.ም. ተብሏል።

ውሉ፣ ሶፍትዌሩና የመክሰስ ሥልጣኑ

ፖስት ኦፊስ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት የሆነ ኩባንያ ነው። አብዛኞቹን ቅርንጫፎች የሚያሠራው ግን በቅጥር ሠራተኛ ሳይሆን በውል ነው። የመንደር ሱቅ ያለው ሰው ከኩባንያው ጋር ይዋዋልና በሱቁ ጥግ መስኮት ከፍቶ ቴምብር ይሸጣል፣ ጡረታ ይከፍላል፣ ቁጠባ ይቀበላል። ብዙዎቹ ያጠራቀሙትን ወይም ቤታቸውን አስይዘው የተበደሩትን አፍስሰው የገቡ፣ በሰፈራቸው የተከበሩ ሰዎች ነበሩ።

ሆራይዘን የመጣው በ1999 ነው። የሠራው አይ.ሲ.ኤል የተባለ ኩባንያ ሲሆን ኋላ ሙሉ በሙሉ ወደ ጃፓኑ ፉጂትሱ ተጠቃለለ። ፕሮጀክቱ መጀመሪያ የታሰበው የድጎማ ክፍያን በካርድ ለማድረግ ጭምር ነበር፤ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ እጁን ሲያወጣ የተረፈው ክፍል በየቅርንጫፉ ተዘረጋ። በወረቀት ይሠራ የነበረው ሂሳብ ወደ ስክሪን ሲገባ ወኪሉ አንድ ትልቅ ነገር አጣ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ሄዶ የሚፈትሽበት መዝገብ አሁን ያለው ከእሱ እጅ ሳይሆን ከፉጂትሱ ነው።

በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ተደራረቡ። የመጀመሪያው ውሉ ነው። ወኪሉ በራሱ ቸልተኝነት፣ ጥንቃቄ ጉድለት ወይም ስህተት ለደረሰ ኪሳራ ተጠያቂ እንደሆነ ይደነግጋል። በተግባር ግን ኩባንያው «በራሱ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ዘሎ ማንኛውንም ጉድለት የወኪሉ ዕዳ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ሁለተኛው የመክሰስ ሥልጣን ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ ማንም ሰው የግል የወንጀል ክስ ማቅረብ ይችላል፤ ፖስት ኦፊስም የራሱ መርማሪዎችና ጠበቆች ነበሩት። ተበዳይ ነኝ ባዩ፣ መርማሪውና ከሳሹ አንድ ቤት ሆኑ ማለት ነው። ከ900 በላይ ከሆኑት ፍርዶች 700 ያህሉ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው።

ሦስተኛው በሕግ ውስጥ የተደረገ አንድ ጸጥ ያለ ለውጥ ነው። ቀድሞ በኮምፒውተር የወጣ ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን ኮምፒውተሩ በትክክል ይሠራ እንደነበር ማሳየት ነበረበት። ፓርላማው ይህን ድንጋጌ በ1999 ሻረው። ከዚያ ወዲህ ተቃራኒው እስኪታይ ድረስ ኮምፒውተር በትክክል እንደሠራ ይገመታል። ተቃራኒውን ማሳየት ያለበት ወኪሉ ነው፤ ማሳያው ሰነድ ግን በከሳሹና በከሳሹ ተቋራጭ እጅ ነው። የጉዳዩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሂሳብ በሚዘጋበት ምሽት

ወኪሉ በየሂሳብ ዘመኑ ማብቂያ በካዝናና በመሳቢያ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ያስገባል፤ ሆራይዘን መኖር አለበት ከሚለው ጋር ያስተያየዋል። 4,000 ፓውንድ ጎደለ ቢል ምርጫው ጠባብ ነው። ከኪስ ሞልቶ መዝጋት፣ ወይም ዕዳውን ወደ ማዕከል አሻግሮ ከኮሚሽኑ እንዲቆረጥበት መስማማት። ጉድለቱን ሳይቀበል ክርክሩን ለብቻ አስቀምጦ ወደሚቀጥለው ዘመን የሚሻገርበት አዝራር የለም። ቀድሞ አከራካሪ ሂሳብ ለጊዜው የሚቀመጥበት ማቆያ ነበር፤ ኩባንያው በ2005 አነሣው። ሂሳቡ ካልተዘጋ ደግሞ ጠዋት ቅርንጫፉ አይከፈትም።

ስለዚህ መክፈል ያቃተው ሰው የሌለውን ገንዘብ «አለ» ብሎ አስገብቶ ይዘጋና ስህተቱ እስኪገኝ ይጠብቃል። ይህች አንዲት ቁጥር ናት በኋላ «የሐሰት ሂሳብ ማቅረብ» የምትባለው። ወንጀሉን ያመረተው ራሱ የአዘጋግ ሥርዓቱ ነበር።

በሃምፕሸር አንዲት የመንደር ወኪል ወደ 2,000 ፓውንድ ጉድለት ሲመጣባት ወደ እርዳታ መስመር ደወለች። በስልክ የተነገራትን እየተከተለች ስትጫን ጉድለቱ ዓይኗ እያየ እጥፍ ሆነ። በስኮትላንድ ዳልሜሊንግተን ደግሞ በ2015 የ8,000 ፓውንድ የገንዘብ ከረጢት ስትመዘግብ ስክሪኑ የቆመባት ሠራተኛ ቁልፉን ደጋግማ ተጫነች፤ ሥርዓቱ እያንዳንዱን ጫና እንደ አዲስ ርክክብ ቆጥሮ 24,000 ፓውንድ ጉድለት አወጣ። ይሄኛው ስህተት በስፍራው ስም «የዳልሜሊንግተን ስህተት» ተብሎ በችሎት መዝገብ ገብቷል። በዮርክሸር ብሪድሊንግተን የነበረ ወኪል በበኩሉ 91 ጊዜ ደውሎ እርዳታ ጠይቋል። ያገኘው መልስ በ2007 26,000 ፓውንድ ገደማ ክፈል የሚል የፍትሐ ብሔር ፍርድና 321,000 ፓውንድ የክርክር ወጪ ነው። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ስላልነበረው ብቻውን ተከራክሮ ከሰረ።

የሚደውሉት ብዙዎቹ «ይህ የደረሰው በእርስዎ ብቻ ነው» ተብለዋል። የዚህች ዐረፍተ ነገር ጉልበት ቀላል አይደለም። ሰውየው ራሱን ይጠራጠራል፣ ረዳቱን ይጠራጠራል፣ ለጎረቤት ወኪል መናገር ያፍራል። ጋዜጠኛውም በተራው አንድ ሰው ብቻ ያገኛል።

ክሱ እንዴት ይሄድ ነበር

ኦዲተሮች ሳይታሰቡ ጠዋት ይመጣሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ወኪሉን ያግዳሉ። የኩባንያው መርማሪ ቃል ይቀበላል። ክሱ ብዙ ጊዜ በስርቆት ይጀምራል። ስርቆት እስራት አለበት፤ ስለዚህ ድርድር ይከተላል፦ የስርቆቱ ክስ ይነሣልህ፣ የሐሰት ሂሳቡን እመን፣ ገንዘቡን መልስ። በአንዳንዱ ጉዳይ ሆራይዘንን አለመውቀስም የስምምነቱ አካል ነበር።

የሃምፕሸሯ ወኪል በ36,000 ፓውንድ ስርቆት ተከስሳ ያለፈችው በዚሁ በር ነው። የመንደሩ ሰው አዋጥቶ ዕዳዋን ከፈለ። ተከሳሽ ጥፋቱን ሲያምን ምስክር አይሰማም፣ ሰነድ አይመረመርም። ሥርዓቱ በመቶዎች ጊዜ ማስረጃ ሆኖ ቀርቦ አንድም ቀን በአግባቡ ሳይፈተሽ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ከውጭ ለሚያየው ግን «አምናለች» ከሚለው የበለጠ የተዘጋ ዶሴ የለም።

የመጀመሪያው ዘገባ የስህተቱ አካል ነበር

ስለዚህ ቅሌት ሲወራ ጋዜጠኞቹ እንደ ባለ ውለታ ብቻ ይነሣሉ። ያ ግማሹ ታሪክ ነው። ከ2009 በፊትም በኋላም ስለ ወኪሎቹ የተጻፈው አብዛኛው ዜና የአካባቢ ጋዜጦች የፍርድ ቤት ዜና ነበር፤ ስም፣ ፎቶ፣ የመንገድ ስም፣ «ከአረጋውያን ጡረታ ሰረቀ» የሚል ቃና። በ2010 ነፍሰ ጡር ሆና የታሰረች የሰሪ (Surrey) አውራጃ ወኪል በአካባቢዋ ጋዜጣ ርዕስ ላይ «ነፍሰ ጡር ሌባ» ተብላለች። ፍርዷ የተሻረው በ2021 ነው።

የእነዚህ ጋዜጠኞች ሥራ በሕግ ዓይን እንከን አልነበረውም። በእንግሊዝ የስም ማጥፋት ሕግ በግልጽ ችሎት የተነገረን በፍትሐዊነትና በትክክል ወዲያው የዘገበ ሰው ሙሉ ጥበቃ አለው። በአንጻሩ «ፖስት ኦፊስ ንጹሓንን እየከሰሰ ነው» የሚል ጽሑፍ ያንን ጥበቃ አያገኝም፤ ጠበቃ ያስፈልገዋል፣ ወራት ይፈጃል፣ የክስ ዛቻ ይከተለዋል። የተሳሳተው ታሪክ ርካሽና አስተማማኝ፣ ትክክለኛው ታሪክ ውድና አደገኛ ነበር። የዜና ክፍሎች በጀታቸው እየጠበበ በሄደበት ዘመን የትኛው እንደሚመረጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሌላው ችግር ዜናው በየአውራጃው መበተኑ ነው። የዮርክሸሩ ጋዜጣ የዌልሱን አያነብም። ከዚያ በፊት ወንጀል ያልተመዘገበባቸው ሰዎች በአንድ ኩባንያ ከሳሽነት፣ በአንድ ዓይነት ማስረጃ፣ በተመሳሳይ ድርድር በየሳምንቱ ሲፈረድባቸው ጥያቄው «እነዚህ ሁሉ የፖስታ ቤት ሰዎች ድንገት ለምን ሌባ ሆኑ?» መሆን ነበረበት። ጠያቂ እንዲኖር ግን ቆጣሪ መኖር አለበት፤ የቆጠረ አልነበረም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በሜይ 2009 ኮምፒውተር ዊክሊ የሰባት ወኪሎችን ታሪክ ጎን ለጎን አወጣ። መጽሔቱ የሚነበበው በአይ.ቲ ባለሙያዎች ነው፤ ሥርዓቱ ሊሳሳት ይችላል የሚለው ሐሳብ ለአንባቢው እንግዳ አልነበረም። ትልልቆቹ ጋዜጦች አልተከተሉትም። ሆኖም በዚያው ዓመት ኖቬምበር በዋርዊክሸር ፌኒ ኮምፕተን በምትባል መንደር አዳራሽ ወኪሎች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። የዘገባው ትልቁ ውጤት ይህ ነው። «በእኔ ብቻ» የሚለው ድግምት የተሰበረው በአደባባይ ጩኸት ሳይሆን ተጎጂዎቹ እርስ በርስ በመገናኘታቸው ነው። በ2011 ፕራይቬት አይ የተባለው የሽሙጥና የምርመራ መጽሔትና የቢቢሲ የአካባቢ ፕሮግራም ተጨመሩ።

በመንግሥት በኩል የነበረው መልስ አጭር ነው። በ2010 የማኅበሩ መሪ ለሚመለከተው ሚኒስትር ጽፎ ያገኘው ምላሽ፣ ፖስት ኦፊስ በንግድ ሥራው ራሱን የቻለ ስለሆነ መገናኘቱ አይጠቅምም የሚል ነበር። የመንግሥት ልማት ድርጅት ባለበት አገር ሁሉ ይህ መልስ የታወቀ ነው፤ ትርፍ ሲመጣ ባለቤት፣ ጥያቄ ሲመጣ ጎረቤት።

በዚያው 2010 የፖስት ኦፊስና የፉጂትሱ ሰዎች 62 ቅርንጫፎችን ስለነካ አንድ የሂሳብ ስህተት ተወያይተው ነበር። ቃለ ጉባኤው ስህተቱ ከታወቀ በሂደት ላይ ባሉ ክሶች ላይ ተጽዕኖ ሊያሳድር እንደሚችል ይጠቅሳል። ሰነዱ ለተከሳሾች አልተሰጠም።

አንድ የገዢው ፓርቲ የምክር ቤት አባል፣ የሃምፕሸሯ ወኪል እንደራሴ፣ ሌሎች አባላትን አሰባስቦ ግፊት ካደረገ በኋላ በ2012 ሰከንድ ሳይት የተባሉ ገለልተኛ የሂሳብ መርማሪዎች ተቀጠሩ። ቀጣሪው ራሱ ፖስት ኦፊስ መሆኑን ልብ ይሏል። በጁላይ 2013 የወጣው ጊዜያዊ ሪፖርት ሁለት የታወቁ ስህተቶች 76 ቅርንጫፎችን እንደነኩ ገለጸ፤ እስከዚያ ባዩት መጠን ግን ሥርዓቱን በጠቅላላ የሚነካ ችግር እንዳላገኙም ጻፈ። ኩባንያው ይህን የኋለኛውን ይዞ መግለጫ አወጣ፤ አብዛኛው ዜናም መግለጫውን ተከትሎ ሄደ። ያኔ ሪፖርቱን ራሱን ያነበበ ሰው ሌላ ታሪክ ያገኝ ነበር።

በዚያው ወር ለኩባንያው የተሰጠ የጠበቃ ምክር የፉጂትሱ ባለሙያ ምስክር የሚያውቃቸውን ስህተቶች ለፍርድ ቤት ስላልገለጸ ታማኝነቱ እንደፈረሰ ይናገራል። ክሱ ቀስ በቀስ ቆመ። ለተፈረደባቸው ግን «የተመሰከረባችሁ እንዲህ ባለ ምስክር ነው» ያላቸው የለም። የሰከንድ ሳይት ሥራ ወደ ሽምግልና ዞሮ፣ መርማሪዎቹ የክስ ፋይሎችን ሲጠይቁ በማርች 2015 ውላቸው ተቋረጠ።

በኦገስት 2015 ፓኖራማ የተባለው የቢቢሲ የምርመራ ፕሮግራም አንድ የቀድሞ የፉጂትሱ ሠራተኛ አቀረበ። ሰውየው ከማዕከል ሆኖ ወኪሉ ሳያውቅ የቅርንጫፍ ሂሳብ ውስጥ መግባት ይቻል እንደነበር ተናገረ። ፖስት ኦፊስ አይቻልም አለ። ኩባንያው ፕሮግራሙ እንዳይተላለፍ በጠበቃ ደብዳቤ ታግሏል፤ ስርጭቱም ለሳምንታት ዘግይቷል። ፕሮግራሙ ተላለፈ፣ ለጥቂት ቀናት ተወራ፣ ቆመ። የካደውን ለማስተባበል ሰነድ የሚያስወጣ ኃይል ያስፈልግ ነበር፤ ያ ኃይል ያለው ፍርድ ቤት ዘንድ ብቻ ነው።

555 ከሳሾች

ማኅበሩ የክርክር ወጪ የሚሸፍን የገንዘብ ድርጅት አግኝቶ 555 ወኪሎች በለንደን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጋራ የፍትሐ ብሔር ክስ አቀረቡ። ብልሃቱ አከፋፈሉ ላይ ነው። ጉዳዩ በአንዴ አልቀረበም፤ መጀመሪያ ውሉ ምን ማለት ነው፣ ቀጥሎ ሆራይዘን ይሳሳታል ወይስ አይሳሳትም ተብሎ ተከፈለ። በማርች 2019 ስለ ውሉ የተሰጠው ፍርድ ለወኪሎቹ ሆነ። ፖስት ኦፊስ በቀናት ውስጥ ዳኛው አድልተዋልና ከችሎት ይነሡ ብሎ አቤቱታ አስገባ። አቤቱታው ውድቅ ቢሆንም ክርክሩ ለሳምንታት ተቋረጠ፤ በብድር ለሚከራከር ወገን ሳምንት ማለት ገንዘብ ነው።

ወሳኙ ሰነድ የፉጂትሱ የታወቁ ስህተቶች መዝገብ ሆነ። ቴክኒሻኖቹ ችግር ሲገጥማቸው የጻፉት፣ በሺዎች የሚቆጠር የሥራ ማስታወሻ ነው። ፖስት ኦፊስ መጀመሪያ ለጉዳዩ እንደማያስፈልግ ተከራክሮ ነበር። ከውጭ ገብቶ ሂሳብ መቀየር እንደሚቻልም በክርክሩ ሂደት አመነ። በዲሴምበር 16 ቀን 2019 የወጣው ፍርድ ሥርዓቱ በቀድሞ እትሞቹ አስተማማኝ እንዳልነበረ ወሰነ፤ ዳኛው የኩባንያውን አቋም መሬት ጠፍጣፋ ናት ብሎ ከመሟገት ጋር አስተካክለውታል።

ገንዘቡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ተከራካሪዎቹ ፍርዱ ከመነበቡ ከአምስት ቀን በፊት በ57.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተስማምተው ነበር። ወጪና የገንዘብ አቅራቢው ድርሻ ሲነሣ ለ555ቱ የተረፈው 12 ሚሊዮን ገደማ፣ በአማካይ ለአንድ ሰው ወደ 21,600 ፓውንድ ነው። የወንጀል ፍርዶቹም አልተነኩም። እነሱን ለማንሣት ሌላ መንገድ ተጀመረ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2021 የ39 ሰዎችን ፍርድ በአንድ ቀን ሻረ።

ያን ሁሉ ችሎት ቁጭ ብሎ የተከታተለው ጋዜጠኛ በአንባቢዎች መዋጮ የሚሠራ ሰው ነበር። ብሔራዊ የዜና ተቋማት የመጡት ፍርድ በሚነበብበት ቀን ነው። 555 ሰዎች የመንግሥትን ኩባንያ ከሰው ባሸነፉበት ችሎት በየቀኑ የሚገኝ ደመወዝተኛ ዘጋቢ አለመመደቡ ብዙ ይናገራል።

ድራማው ያደረገውና ያላደረገው

እስከ 2023 መጨረሻ የተሻሩት ፍርዶች 93 ብቻ ነበሩ። በ2024 የመጀመሪያዎቹ አራት ምሽቶች አይቲቪ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በጉዳዩ ላይ የተሠራ ባለ አራት ክፍል ድራማ አስተላለፈ፤ ሚሊዮኖች አዩት። የቀድሞዋ የፖስት ኦፊስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የክብር ሽልማቷ እንዲነጠቅ የሚጠይቅ ፊርማ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ፤ ጃንዋሪ 9 እመልሳለሁ አለች። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍርዶቹን በሕግ እንደሚሽሩ በፓርላማ አስታወቁ።

ድራማው አንድም አዲስ ፍሬ ነገር አልያዘም። የጨመረው ፊትና ቅደም ተከተል ነው። ዜናው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከዘገባው ቀን ነበር፤ ድራማው የጀመረው ወኪሉ ሂሳብ ከሚዘጋበት ምሽት ነው። ተመልካቹ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስገድደው እሱ ነው። በአንጻሩ ድራማው ጥቂት ፊቶችን ስላጎላ ሕዝባዊው ቁጣ በአንዲት ሥራ አስፈጻሚ ላይ ተከመረ። ፉጂትሱ፣ የኩባንያው ጠበቆች፣ የኮምፒውተር ማስረጃን ግምት የደነገገው ሕግ፣ በየተራ የመጡት ሚኒስትሮች ከኋላ ቀሩ።

ሕጉ ራሱ ከባድ ጥያቄ አስነሥቷል። በፍርድ ቤት የተሰጡ የጥፋተኝነት ውሳኔዎችን ፓርላማ በአንድ ሕግ መሻሩ የሥልጣን ክፍፍልን ይነካል ያሉ የሕግ ሰዎች ነበሩ። መንግሥት የተለየና የማይደገም ነው ብሎ አለፈው። አዋጁ ሜይ 24 ቀን 2024 ለእንግሊዝ፣ ለዌልስና ለሰሜን አየርላንድ ጸና፤ ስኮትላንድ የራሷን አወጣች። ፍርዱ የተሻረለት ሰው 600,000 ፓውንድ የተቆረጠ ካሣ መቀበል ወይም ዝርዝር ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። በጁላይ 2025 የወጣው፣ ጉዳዩን የመረመረው ሕዝባዊ አጣሪ ሪፖርት የመጀመሪያ ቅጽ ቢያንስ 13 ሰዎች ከዚህ ጉዳይ ጋር በተያያዘ ራሳቸውን አጥፍተው ሊሆን እንደሚችል መዝግቧል። እነሱ ካሣውን አላዩም።

ወደ ሌላ ጉዳይ ሲወሰድ

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ዋጋው የቀነሰውና ውጤቱ የጎላው ማስተያየት ነው። ኮምፒውተር ዊክሊ ሰባት ሰው ጎን ለጎን ማስቀመጡ ከሰባት የተለያዩ ዘገባዎች በላይ ሠርቷል። ተመሳሳይ ክስ በአንድ ተቋም የሚቀርብ ከሆነ ቀላል ሰንጠረዥ ይበቃል፦ ቦታ፣ ቀን፣ የተባለው መጠን፣ ተከሳሹ ለማን መቼ ቅሬታ አቀረበ፣ ክሱ በምን ተጀምሮ በምን ተዘጋ። የመጨረሻው ዓምድ በተለይ ይናገራል። ስርቆት ተብሎ ተጀምሮ ቀለል ባለ ወንጀል በእምነት የሚያልቅ ዶሴ ሲበዛ፣ ከሳሹ ስርቆቱን ማስረዳት እንደማይችል ያውቃል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መግለጫን ከሰነድ የመለየት ጉዳይ ነው። «ሥርዓቱን በጠቅላላ የሚነካ ችግር አልተገኘም» የሚለው ሐረግ «76 ቅርንጫፎች ተነክተዋል» ከሚለው ጋር አብሮ እውነት ሊሆን ይችላል። ጋዜጠኛው መጠየቅ ያለበት «ስህተት አለ?» ብሎ አይደለም፤ ለዚህ መልሱ ሁሌም «የለም» ነው። የሚሻለው ዝርዝሩን መጠየቅ ነው፦ የብልሽት መዝገብ አላችሁ? ማን ይይዘዋል? ከማዕከል ሆኖ የደንበኛን ሂሳብ የመቀየር ፈቃድ ያላቸው ስንት ሰዎች ናቸው? ሲቀይሩ አሻራ ይቀራል? ለከሰሳችሁት ሰው ይህን ሰጥታችኋል? እምቢታው ራሱ ዜና የሚሆነው ጥያቄው ይህን ያህል ጠባብ ሲሆን ነው።

በእኛ አገር ይህን የሚያስታውስ፣ ግን በመልኩ የሚለይ ነገር በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይተናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በአንድ ሌሊት ተሳስቶ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ አወጡ፤ ባንኩ መጠኑን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ብሎ ገለጸ፣ ያልመለሱትንም ስምና ፎቶ ለጠፈ። እዚያ ገንዘብ በእርግጥ ወጥቷል፣ ስህተት መኖሩንም ባንኩ ራሱ ተናግሯል፤ ስለዚህ ከሆራይዘን ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። ለዘጋቢ የሚቀረው ጥያቄ ግን አንድ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ በስህተት የገባ ሰው ቢኖር በምን መዝገብ ራሱን ነጻ ያወጣል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ስለ ተከሳሽ ንጹሕ ሆኖ መገመት ይናገራል፤ «ሲስተሙ ያሳያል» የሚለው ቃል ግን በመስኮትም በዜናም ክርክር መዝጊያ ሆኖ ቆይቷል።

ሦስተኛው ክትትል ነው። በ2015 የካደው ኩባንያ በ2019 ሲያምን፣ ሁለቱን መግለጫዎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያሳየ ዋና የዜና እወጃ ጥቂት ነው። ፍርዳቸው ሲሻር ደግሞ ቀድሞ ስማቸውን በሌብነት ያወጡ ጋዜጦች መሰረዛቸውን በዚያው መጠንና ገጽ የመጻፍ ግዴታ አልተጣለባቸውም። የዜና ክፍል ይህን ራሱ መወሰን ይችላል፦ የጥፋተኝነት ዜና በማኅደር ሲቀመጥ የይግባኝ ቀን ማስታወሻ ይያዝለታል፣ ፍርዱ ሲሻር የድሮው ገጽ አናት ላይ ይጻፋል። ሥራው የደቂቃዎች ነው።

የኮምፒውተር ማስረጃን ግምት በተመለከተ የብሪታንያ መንግሥት በ2025 መጀመሪያ ከባለሙያዎች አስተያየት ሰብስቧል፤ የ1999ኙ ለውጥ ግን ዓመቱ እስኪያልቅ ባለበት ነበር። ፖሊስ በፖስት ኦፊስም በፉጂትሱም የነበሩ ሰዎችን እየመረመረ ነበር፤ እስከዚያው ጊዜ ክስ የተመሠረተበት አንድም ኃላፊ አልነበረም።